ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ ከባክአፕ የሚፈለጉትን ፋይሎች ብቻ መርጦ መመለስ

«ኮምፒውተሬ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖበታል። ባክአፑ ኤክስተርናሉ ላይ አለ። ሁሉንም ልመልሰው ወይስ የምፈልገውን ብቻ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚፈልጉትን ብቻ። በጅምላ የመለሰ ሰው ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገውን ችግር ጭምር መልሶ ያስገባል። ቫይረሱ ይመለሳል፣ የተበላሸው ሴቲንግ ይመለሳል፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ኮተትም አብሮ ይመለሳል።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠበቅ አንድ ደንብ አለ፤ ባክአፑ ሳይነካ ይቆያል። ከእሱ ይቀዳል እንጂ አይቆረጥም፤ እሱ ላይ ምንም አይጻፍም፣ ከእሱ ምንም አይሰረዝም። ሥራው መሀል ላይ ቢበላሽ እንደገና መጀመር የሚቻለው ባክአፑ እንደነበረ ካለ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባክአፑ ያለበት ዲስክ ከራሱ ኬብል ጋር። የላላ ወይም ረጅም ኬብል ኮፒው መሀል ላይ ዲስኩን ያቋርጠዋል። በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት።
• ሁለተኛ ዲስክ ወይም ፍላሽ። ለማይተኩ ፋይሎች፣ ማለትም ለፎቶ፣ ለጽሑፍ ሥራ እና ለሂሳብ መዝገብ ተጨማሪ ቅጂ ማስቀመጫ ነው። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ያዘጋጁት።
• ፓስወርዶችና ቁልፎች። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ባክአፕ የሠራው ፕሮግራም ፓስወርድ ጠይቆ ከነበረም እሱን ያዘጋጁ።
• አድሚኒስትሬተር የሆነ የዩዘር አካውንት።
• በሲ ድራይቭ ላይ ከሚመለሰው መጠን ቢያንስ 20 ጊጋባይት የሚበልጥ ባዶ ቦታ።
• ወረቀትና እስክሪብቶ። ለምን እንደሚያስፈልጉ ደረጃ 4 ላይ ይታያል።

ስለ ጊዜው፦ በዩኤስቢ 2 ሶኬት በተግባር የሚገኘው ፍጥነት በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 100 ጊጋባይት ወደ 50 ደቂቃ ይፈጃል። በዩኤስቢ 3 አንድ ተራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ካነበበ ያው መጠን ከ20 ደቂቃ በታች ያልቃል። ይህ ለትልልቅ ፋይሎች ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ካሉ ጊዜው ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ይሰኩና «ስሊፕ»ን ያጥፉ።

ዲስኩን ከመሰካትዎ በፊት ይጠንቀቁ

ዲስኩ ሲሰካ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል መስኮት ከመጣ «ፎርማት» የሚለውን አይጫኑ። ዊንዶውስ ይህን የሚለው ዲስኩ ባዶ ስለሆነ ሳይሆን ማንበብ ስላልቻለ ነው። ዲስኩ በማክ ወይም በሊኑክስ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ የፋይል ማውጫው ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። መስኮቱን ዘግተው ዲስኩን መጀመሪያ በሠራው ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት።

ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ይንቀሉት። ያ ድምፅ አንባቢው ጭንቅላት እየሳተ ነው ማለት ነው፤ በበራ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ከዚህ በኋላ ያለው የዳታ መልሶ ማግኛ ባለሙያ ሥራ ነው።

ባክአፕ ያልያዙ ሰዎችም ተስፋ አይቁረጡ። ዊንዶውሱ የተጫነው የሲ ክፍል ፎርማት ሳይደረግ ከሆነ አሮጌው ሁሉ ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ.ኦልድ» በሚል ፎልደር ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ይሰርዘዋል። የዲስክ ማጽጃ ፕሮግራም ካስነሱ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ሊጠፋ ይችላል። ካለ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ባክአፕ ይሠሩበታል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ይጨርሱ

ባክአፑን ሳይሰኩ ዊንዶውስ አፕዴትን እስከ መጨረሻው ያስኬዱ፤ ድራይቨሮቹ ይግቡ፤ አንቲቫይረሱም አዲሱን የቫይረስ ዝርዝር ያውርድ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አፕዴት መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ካደረገ ኮፒው ይቋረጣል። ያልታደሰ አንቲቫይረስ ደግሞ አሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ላያውቀው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት የዩዘር ፎልደሩ ስም ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ ዊንዶውስ የፎልደሩን ስም ከኢሜይሉ የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ይሠራዋል፤ አሮጌው ላይ ግን ሙሉ ስምዎ ሊሆን ይችል ነበር። አንዱ የኤክሴል ፋይል ከሌላው የሚያነብ ከሆነ፣ ወይም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮጀክት ካለዎት፣ ፋይሎቹ ሙሉ አድራሻውን ይዘው ስለሚፈልጉ «አልተገኘም» ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ካለዎት አሁኑኑ፣ ምንም ሳይመልሱ፣ በአሮጌው ስም ሎካል አካውንት (ያለ ኢሜይል እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚፈጠር) ይክፈቱ። የፎልደሩን ስም በኋላ መቀየር ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል።

ደረጃ 2፦ የተደበቀውን ያሳዩ

ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው «ቪው» ውስጥ ሁለት ነገር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» እና «ሂደን አይተምስ»። በዊንዶውስ 11 ላይ ሁለቱም «ቪው» ከዚያ «ሾው» ሥር ናቸው።

የመጀመሪያው ቫይረሱን ያጋልጣል። የፋይል ቅጥያ ካልታየ «ፎቶ.ጄፒጂ.ኢኤክስኢ» የሚባል ፋይል «ፎቶ.ጄፒጂ» ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ምስል መስሎት የከፈተው ሰው ፕሮግራም አስነሳ ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የብራውዘርና የኢሜይል ዳታ የተቀመጠበትን «አፕዳታ» የሚባለውን ድብቅ ፎልደር ያሳያል። ሾርትከት የሚፈጥረው የፍላሽ ቫይረስ ደብቋቸው የቀሩ ፎልደሮችም ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ብቅ ይላሉ። ካልታዩ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው «የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውን ለጊዜው ያንሱት።

ደረጃ 3፦ ባክአፑ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ዲስኩን ሰክተው የመጀመሪያዎቹን ፎልደሮች ብቻ ይመልከቱ። አወጣጡ በዓይነቱ ይለያያል።

ሀ. ተራ ኮፒ። ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዴስክቶፕ እያሉ በስማቸው ከታዩ ምንም ልዩ ነገር አያስፈልግም፤ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

ለ. «ፋይል ሂስትሪ» የሚል ፎልደር። ውስጡ በቅደም ተከተል የዩዘሩ ስም፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ ከዚያ «ዳታ» አለ። ፋይሎቹ በቀጥታ ይከፈታሉ፤ ነገር ግን ስማቸው ላይ ቀንና ሰዓት ተለጥፎ ያገኙታል፤ ለምሳሌ «ውል (2024_03_05 10_22_11 ዩቲሲ).ዶክኤክስ»። ፋይሉ በተስተካከለ ቁጥር አዲስ ቅጂ ስለሚቀመጥ አንዱ «ውል» አሥር ጊዜ ተደርድሮ ሊታይ ይችላል። ጥቂት ፋይል ብቻ ከፈለጉ የመጨረሻውን ቀን የያዘውን ኮፒ አድርገው ስሙን በእጅ ያስተካክሉ። ሰዓቱ የዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከእርስዎ ሰዓት ጋር ባይገጥም አይደናገጡ። ብዙ ከሆነ ግን ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፋይል ሂስትሪን ከፍተው ዲስኩን ይምረጡ፤ በዚህ ዲስክ ላይ ያለውን የቀድሞ ባክአፕ መጠቀም እንደሚፈልጉ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ «ሪስቶር ፐርሰናል ፋይልስ» ውስጥ ይግቡ። ፎልደሩን መርጠው አረንጓዴውን ቁልፍ በራይት ክሊክ ይጫኑና «ሪስቶር ቱ» ይበሉ፤ መድረሻው ደረጃ 6 ላይ የሚከፈተው «መቆያ» ፎልደር ነው። በግራ ክሊክ ከተጫነ ፋይሉን ወደ ነበረበት ቦታ ይልከዋል፤ እኛ ግን ገና ወደ ቦታው እንዲሄድ አንፈልግም። ሲጨርሱ ፋይል ሂስትሪው በርቶ ከቀረ ያጥፉት፤ ካልጠፋ ባክአፑ ላይ መጻፍ ይጀምራል።

ሐ. በኮምፒውተሩ ስም የተሰየመ ፎልደር፣ ውስጡ ብዙ የዚፕ ፋይል። ይህ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር (ዊንዶውስ 7)» የሚባለው ነው። ዚፖቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ መፈለግ አድካሚ ነው፤ አንድ ፎልደር በብዙ ዚፕ ተከፋፍሎ ሊገኝ ይችላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ በዚሁ ስም ያለውን ከፍተው ሌላ ባክአፕ የሚያስመርጠውን መስመር ይጫኑ፤ ዲስኩን ያሳዩት፤ ከዚያ «ብራውዝ ፎር ፎልደርስ» ብለው የሚፈልጉትን ይምረጡ። መድረሻውን ሲጠይቅ ያንኑ የደረጃ 6 «መቆያ» ፎልደር ያሳዩት እንጂ «የነበረበት ቦታ» አይበሉት።

መ. «ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ» የሚል ፎልደር። ይህ የመላው ዲስክ ምስል ነው፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ነው። «ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪ» የሚለውን ካስነሱ ምስሉ አሁን ያለውን ዲስክ ደምስሶ አሮጌውን ዊንዶውስ እንዳለ ይመልሰዋል። መርጦ መመለስ የሚባል ነገር እዚያ የለም። መርጠው ለማውጣት «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ይክፈቱ፤ «አክሽን» ውስጥ «አታች ቪኤችዲ» ይበሉ፤ በፎልደሩ ውስጥ «ባክአፕ» ከሚል ቃልና ከቀን ቁጥር ጋር የተሰየመውን ንዑስ ፎልደር ከፍተው በቪኤችዲኤክስ የሚያልቀውን ትልቁን ፋይል ይምረጡ። ከመጫንዎ በፊት «ሪድ ኦንሊ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ያለዚህ ምልክት ዊንዶውስ ምስሉ ውስጥ መጻፍ ይችላል፤ የተነካ ምስል ደግሞ ዳግመኛ ሙሉ ለሙሉ ለመመለስ ላይሆን ይችላል። ከተሰካ በኋላ እንደ አንድ ተራ ድራይቭ ፊደል ይዞ ይመጣል። ፊደል ካልያዘ እዚያው ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ በራይት ክሊክ ይስጡት። ሲጨርሱ «ዲታች» ይበሉ።

ባክአፑ በሌላ ኩባንያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ በእነዚህ አይከፈትም፤ ያንኑ ፕሮግራም፣ በተሠራበት ወይም ከዚያ በሚበልጥ እትም መጫን ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ በወረቀት ላይ ዝርዝር ያውጡ

ፎልደሮቹን እያገላበጡ የሚመልሱትን ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የፋይሉን ብዛትና መጠን ያስፍሩ። ቁጥሩን ለማግኘት ፎልደሩን በራይት ክሊክ ይጫኑና «ፕሮፐርቲስ» ይበሉ። ደረጃ 7 ላይ ኮፒው ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጡት በዚህ ወረቀት ነው።

የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦
• ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ቪዲዮስ፣ ሚዩዚክ። እነዚህ «ዋንድራይቭ» (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) በሚለው ፎልደር ሥርም ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ጋ ይመልከቱ።
• ከዳውንሎድስ ውስጥ በእርግጥ የሚያስፈልገው ብቻ። በቴሌግራም የመጡ ፋይሎች ብዙ ጊዜ «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ነው የሚቀመጡት። ቻቱ ራሱ ሰርቨር ላይ ስላለ አካውንትዎን ከፍተው ሲገቡ ይመጣል።
• ከአፕዳታ ውስጥ ተለይተው የሚወጡ፦ የብራውዘር ቡክማርክ፣ የኢሜይል ፋይል፣ ስቲኪ ኖት።
• ከተለመደው ቦታ ውጪ የተቀመጡ። የሂሳብና የንድፍ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ዳታቸውን ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ በራሳቸው ስም ፎልደር ከፍተው ያስቀምጣሉ። የሚረሳው ይህ ነው።
• ፎንቶች።

የማይመለሱት፦ «ዊንዶውስ»፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» እና «ፕሮግራም ዳታ» የሚባሉት ፎልደሮች። አንድ ፕሮግራም ሲጫን ፎልደር ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው፤ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ውስጥ ይመዘገባል፣ ሌሎች ፋይሎችን ሲስተሙ ውስጥ ይጨምራል። ፎልደሩን ብቻ ኮፒ ቢያደርጉት አብዛኛው አይነሳም፤ ቢነሳም ጎዶሎ ነው። ፕሮግራም ከመጫኛው እንደ አዲስ ይጫናል። ከ«ፕሮግራም ዳታ» ውስጥ የአንድ ፕሮግራም ዳታቤዝ ካለ ያችን ብቻ ለይተው ያውጡ።

ደረጃ 5፦ ሳይከፍቱ ስካን ያድርጉ

የመረጧቸውን ፎልደሮች በራይት ክሊክ ተጭነው በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ስካን ያድርጉ። ኮምፒውተሩ ፎርማት የተደረገው በቫይረስ ምክንያት ከሆነ ከስካኑ በተጨማሪ በኢኤክስኢ፣ በኤስሲአር፣ በባት፣ በቪቢኤስ፣ በጄኤስ እና በኤልኤንኬ የሚያልቁ ፋይሎችን ጭራሽ አይመልሱ። የመጨረሻው ሾርትከት ነው፤ የጠቆመው ፕሮግራም ስለሌለ ድሮውንም አይሠራም።

ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ከነበረ ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ንጹሕ መሆኑን ሳያረጋግጡ ባክአፑን ጨርሶ አይሰኩ። ይህ ቫይረስ የተሰካ ዲስክ ሁሉ ላይ ያለውን ይቆልፋል።

ደረጃ 6፦ ወደ መቆያ ፎልደር ኮፒ ያድርጉ

በቀጥታ ወደ ዶክመንትስ አይውሰዱ። ሲ ድራይቭ ላይ «መቆያ» የሚል ፎልደር ይክፈቱና ሁሉንም መጀመሪያ እዚያ ያስገቡ። ስሙ አጭር፣ ቦታውም ከላይ መሆኑ በምክንያት ነው። ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ከ260 ፊደል በላይ የሆነ የፋይል አድራሻ አይቀበሉም። ባክአፕ ውስጥ ያለ አድራሻ ራሱ ረጅም ነው፤ እሱን ሌላ ረጅም አድራሻ ሥር ሲያስገቡት «ስሙ በዛ» ብሎ ይቆማል።

ኮፒ ማለት ኮንትሮል እና ሲ ነው፤ ኮንትሮል እና ኤክስ አይደለም። በማውዝ መጎተት ከለመዱ በቀኝ ቁልፍ ይጎትቱና ሲለቁ «ኮፒ ሂር» ይምረጡ። በግራ ቁልፍ ሲጎተት ከድራይቭ ወደ ድራይቭ ከሆነ ኮፒ ያደርጋል፤ በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከሆነ ግን ያዛውራል።

ከዝርዝርዎ አንድ አንድ ፎልደር እየወሰዱ ይሥሩ። 300 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ልከው ሌሊቱን መሀል ላይ ቢቆም የትኛው አልፎ የትኛው እንደቀረ ማወቅ ይቸግራል።

«ፈቃድ የለዎትም» ቢልዎ፦ ዊንዶውስ አንድን ዩዘር የሚለየው በስሙ ሳይሆን አካውንቱ ሲፈጠር በሚሰጠው ረጅም መለያ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ስሙም ፓስወርዱም ያው ቢሆን ቁጥሩ አዲስ ነው። የአሮጌው ፎልደር ባለቤት አሮጌው ቁጥር ስለሆነ እርስዎን እንደ እንግዳ ያያል። መጀመሪያ «ኮንቲኒው» ይበሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ትልቅ ፎልደር ከሆነ አረንጓዴው መስመር ረጅም ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል አይዝጉት። እምቢ ካለ እንዲህ ያድርጉ፦
— ያንን አንድ ፎልደር በራይት ክሊክ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ይበሉ።
— «ኦውነር» ከሚለው ጎን «ቼንጅ» ይጫኑ፤ የዩዘር ስምዎን ይጻፉ፤ «ቼክ ኔምስ» ብለው ስሙ ከተሰመረበት «ኦኬ» ይበሉ።
— ባለቤትነቱ ለውስጥ ፎልደሮችም እንዲደርስ «ሪፕሌስ ኦውነር» ከሚለው አጠገብ ምልክት አድርገው «አፕላይ» ይጫኑ።
— መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው ፎልደሩን እንደገና ይክፈቱ።

ይህ የፋይሎቹን ይዘት አይነካም፤ የሚቀይረው ባለቤትነቱን ብቻ ነው። ይሁንና ባክአፑ ላይ የሚጻፍ ነገር ስለሆነ ለሚፈልጉት ፎልደር ብቻ ያድርጉት። በሪድ ኦንሊ የተሰካ ምስል ላይ ደግሞ ባለቤት መቀየር አይቻልም፤ እዚያ ከተከለከሉ የቪኤችዲኤክሱን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው ግልባጩን ያለ ሪድ ኦንሊ ይሰኩ።

«ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» እና «ማይ ዶክመንትስ» የሚባሉ ቀስት ያለባቸው ፎልደሮች አልከፈት ካሉ ይተዋቸው። እነሱ ለድሮ ፕሮግራሞች የተተዉ ጠቋሚዎች እንጂ እውነተኛ ፎልደር አይደሉም።

ባለቤት ሆነውም የማይከፈት፣ ምልክቱ ላይ ቁልፍ ያለበት ፋይል ካጋጠመዎት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፋይሉ በዊንዶውስ የተመሰጠረ ነው፤ የሚከፍተው አሮጌው አካውንት ውስጥ የነበረው ሰርተፍኬት ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱን ቀድመው በፒኤፍኤክስ ፋይል አውጥተው ከሆነ ያንን ፋይል ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው በፓስወርዱ ያስገቡት፤ ወዲያው ይከፈታሉ።

ኮፒው «ሳይክሊክ ሪደንዳንሲ ቼክ» በሚል ስህተት ከቆመ «ስኪፕ» ብለው ይለፉ። የዲስኩ አንድ ክፍል አልነበብ ብሏል ማለት ነው። በዚያ ፋይል ላይ ደጋግመው «ትራይ አጌን» ማለት ደካማውን ዲስክ ያደክመዋል። ደህናዎቹን መጀመሪያ ያትርፉ፤ እምቢ ያለውን በመጨረሻ ይሞክሩ።

ደረጃ 7፦ በወረቀቱ ያረጋግጡ

የመቆያውን ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። የሚነጻጸረው «ሳይዝ» የሚለው መስመርና የፋይሉ ብዛት ነው፤ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው እንደ ዲስኩ አከፋፈል ስለሚለያይ አያሳስብዎት። ሌላ ቦታ ግን ይጠቅማል፤ ትልቅ መጠን አለው የተባለ ፋይል «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ላይ 0 ካሳየ ከዋንድራይቭ ያልወረደ ባዶ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ እውነተኛው ፋይል ዋንድራይቭ ላይ ነው፤ ከዚያ ያውርዱት።

ቁጥሩ ገጠመ ማለት ፋይሉ ይከፈታል ማለት አይደለም። ከእያንዳንዱ ፎልደር አዲሱን፣ አሮጌውን እና ትልቁን ይክፈቱ። ፎቶን በትንሿ ምስል አይመኑ፤ ሙሉ መጠኑን ከፍተው እስከ ታች ይመልከቱ፤ የተቆረጠ ፎቶ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ቪዲዮውን ወደ መጨረሻው አካባቢ ገፋ አድርገው ያጫውቱት።

ደረጃ 8፦ የፕሮግራም ዳታ

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይጫናል፣ አንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ዳታው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍት በሆነ ፕሮግራም ላይ ፋይል ቢቀይሩ ሲዘጋ በራሱ ይጽፍበታል፤ የመለሱትም ይጠፋል።

ክሮም፦ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ጉግል፣ ክሮም፣ ዩዘር ዳታ፣ ዲፎልት ውስጥ «ቡክማርክስ» የሚል ቅጥያ የሌለው ፋይል አለ። እሱን ብቻ በአዲሱ ላይ በተመሳሳይ ቦታ ይተኩ። ሴቭ የተደረጉ ፓስወርዶች ግን እንዲህ አይመለሱም፤ ከአሮጌው የዊንዶውስ አካውንት ጋር በተሳሰረ ቁልፍ የተመሰጠሩ ናቸው። የጉግል ሲንክ በርቶ ከነበረ ሲገቡ ይመጣሉ።

ፋየርፎክስ፦ እሱ ይሻላል። የፕሮፋይሉ ፎልደር ይዘት በሙሉ ወደ አዲሱ ፕሮፋይል ሲገባ ፓስወርዱም ቡክማርኩም ይመለሳል። ፓስወርድ ብቻ ከፈለጉ «ሎጊንስ.ጄሰን» እና «ኪ4.ዲቢ» የሚባሉት ሁለቱም አንድ ላይ መግባት አለባቸው፤ አንዱ ሳጥኑ ሌላው ቁልፉ ነው። አዲሱ ፋየርፎክስ ከአሮጌው ያነሰ እትም መሆን የለበትም።

ክላሲክ አውትሉክ፦ በፒኤስቲ የሚያልቀው ፋይል ይመለሳል። ዶክመንትስ ውስጥ ቋሚ ቦታ ያስቀምጡትና «ፋይል» ውስጥ «ኦፕን» ብለው ይክፈቱት። በኦኤስቲ የሚያልቀውን ግን ለመክፈት አይልፉ፤ እሱ የሰርቨሩ ግልባጭ ነው፤ አካውንቱን ሲያስገቡ እንደ አዲስ ይሠራል።

የሂሳብ ፕሮግራሞችና ማንኛውም ዳታቤዝ፦ የዳታ ፋይሉን በኮፒ ከማስገባት ይልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣው ባክአፕ ካለ በራሱ «ሪስቶር» ይመልሱት። ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ ኮፒ የተደረገ ዳታቤዝ ግማሽ የተጻፈ መዝገብ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ ፎንቶችን ይመልሱ

የድሮ የአማርኛ ሰነድ ሲከፍቱ ፊደሉ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም። ዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋዎች የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ ፎንት፣ ለምሳሌ በድሮዎቹ ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ነው፤ ፎንቱ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ስለሌለ ዊንዶውስ የፊደሎቹን የኮድ ቁጥር በሌላ ፎንት ተርጉሞ ያሳያል። ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት። የፎንት ፋይሎቹ ባክአፑ ውስጥ «ዊንዶውስ» ሥር ባለው «ፎንትስ» ውስጥ፣ ወይም በአፕዳታ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ይገኛሉ። የሚፈልጓቸውን ብቻ ኮፒ አድርገው በራይት ክሊክ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» ይበሉ። ሙሉውን የፎንት ፎልደር አይጫኑ።

ኒያላ ከጠፋ ደግሞ ከባክአፕ መፈለግ አያስፈልግም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ገብተው የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ሲጨምሩ ይመጣል።

ደረጃ 10፦ ወደ ቦታቸው ያስገቡ

አሁን ከመቆያው ወደ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ እና ሌሎቹ ያዛውሩ። እዚህ መቁረጥ ይቻላል፤ ሁለቱም ሲ ድራይቭ ላይ ስለሆኑ በቅጽበት ያልቃል። «ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል አለ» ካለ «ሪፕሌስ» ለማለት አይቸኩሉ፤ ሁለቱን የሚያወዳድረውን ምርጫ ይክፈቱና ቀንና መጠን ያመሳክሩ። ከተጠራጠሩ ሁለቱም ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አንዱ ስሙ ላይ «(2)» ተጨምሮበት ሁለቱም ይቀራሉ። ሲያወዳድሩ «ዴት ሞዲፋይድ»ን ይዩ፤ «ዴት ክሪኤትድ» ኮፒ የተደረገበትን ቀን ስለሚያሳይ ያሳስታል።

ደረጃ 11፦ ሁለተኛ ቅጂ፣ ከዚያ መንቀል

የማይተኩትን ፋይሎች ወደ ሁለተኛው ዲስክ ኮፒ ያድርጉ። ባክአፑን «ሴፍሊ ሪሙቭ» ብለው ይንቀሉ፤ ላዩ ላይ ቀኑን ጽፈው ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይሰረዝ ያስቀምጡት። የጎደለ ፋይል የሚታወቀው ሲፈለግ ነው።

ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

• አዲሱን ባክአፕ በአሮጌው ዲስክ ላይ ወዲያው ማስጀመር። ቦታ ሲሞላ አንዳንድ ፕሮግራሞች የቆየውን ቅጂ እየሰረዙ ይቀጥላሉ። ለጊዜው ሌላ ዲስክ ይጠቀሙ።
• አፕዳታን ሙሉውን በአዲሱ ላይ መጫን። የአሮጌው ሴቲንግ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፤ ስታርት ሜኑው ሳይቀር አልከፈት ሊል ይችላል። እንዲህ ሆኖ ከሆነ አዲስ ዩዘር ከፍተው ፋይሎቹን ወደዚያ ማዛወር አሮጌውን ለመጠገን ከመሞከር ይቀላል።
• ፋይሉን በቀጥታ ባክአፑ ላይ ከፍቶ ማስተካከል። ሴቭ ሲደረግ የሚቀየረው ባክአፑ ነው።
• ኮፒ እየተደረገ ዲስኩን ማንቀሳቀስ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ ቢጋጭ ሊጎዳ ይችላል፤ ከላፕቶፑ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡት።
• የመቆያውን ፎልደር ረስቶ መተው። ለሳምንት ከሠሩ በኋላ የቀረ ነገር መኖሩን አይተው ይሰርዙት፤ ካልሆነ ከአዲሱ ባክአፕ ጋር እየተቀዳ ቦታ ይበላል።